ቀይ ቀበሮ ከሎጁ በረንዳ ይታያል?

ባሌ ተራሮች ፓርክ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ ካለ ሎጅ ልታድሩ መሆናችሁን ጽፈሽ፣ ልጆቹ የጓጉለት ቀይ ቀበሮ ከበረንዳ ይታይ እንደሆነ ለጠየቅሽው እህቴ፦ አይታይም። ቀበሮው የሚኖረው ላይ ሰነቴ ነው፤ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ገላጣ ሜዳ ላይ። ስለዚህ አንድ ሙሉ ቀን ለሰነቴ መድቡ።

ሾፌሩ በሌሊት ካልተነሳን ቢላችሁ ብዙ አትጨነቁ። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው ቀን ነው። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነዋ! እነሱ ደግሞ ፀሐይ ካልሞቃቸው ከጉድጓድ አይወጡም። ማለዳ ከደረሳችሁ በቡድን ሆነው ክልላቸውን ሲዞሩ ታገኟቸው ይሆናል፤ ረፈድ ሲል ይበታተኑና እያንዳንዱ ለብቻው ያድናል። እኔ በበኩሌ ቁርስ በልቶ መውጣትን እመርጣለሁ፤ ልጅ ይዞ በዚያ ብርድ ቀልድ የለም።

ብዙው ሰው ሜዳውን በመኪና ሲያቋርጥ ይውልና «ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል። አዲስ የተቆፈረ አፈር የበዛበት ቦታ ፈልጉ፣ ሞተር አጥፉ፣ ቁጭ በሉ። ትልቁ ፍልፈል የሚባለው ዝርያ በዓለም ላይ ያለው ባሌ ብቻ ነው። አንገቱን ብቅ አድርጎ በዙሪያው ያለውን ሣር ይለቅምና ወደ ኋላው ሹልክ ይላል። ልጆቼ ከቀበሮው ይልቅ በእሱ ነው የሳቁት። ቀበሮው ሲመጣ ጉድጓዱ አጠገብ ድርቅ ብሎ ይጠብቃል፤ ያን ጊዜ ከመኪና መውረድ የለም፣ ሰውን አይተናኮልም ግን አደኑን ታበላሹበታላችሁ። ውሃ በደንብ ጠጡ፣ ከፍታው ራስ ያማል። ውሻ ካላችሁ ቤት ተዉት። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው፤ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታም ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል።

ሎጁ አካባቢ ጉሬዛ አይጠፋም። የባሌን ጦጣ ከፈለጋችሁ ቀርከሃው ጋ ሂዱ፣ ዋና ምግቧ የቀርከሃ ቅጠል ነው። አንበሳ ጫካው ውስጥ አለ፤ አሳያችኋለሁ ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ለሚጠይቅ ግን አትክፈሉ።

ከአዲስ አበባ በመኪና ከሆነ ዲንሾ ከተማ መንገዳችሁ ላይ ነው። እዚያ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ግቢ አካባቢ ያለው የደጋ አጋዘን ሰው ስለለመደ ብዙም አይሸሽም፤ ለፎቶ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም።