በሺዎች ቢቆጠርም ለመጥፋት የተቃረበው ሸረሪት፦ ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር ከመጡልን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ደዘርታስ ተኩላ ሸረሪት ናቸው። ይህ ሸረሪት የሚኖረው በፖርቱጋል ግዛት፣ ከማዴይራ አጠገብ ባለችው ደዘርታ ግራንዴ ደሴት፣ ያውም በሰሜን ጫፏ በሚገኝ አንድ ሸለቆ ብቻ ነው።

አዋቂዎቹ ብቻ 4 ሺ ገደማ ናቸው ይባላል። ታዲያ እንዴት የዝርያዎች የመጥፋት አደጋ በሚመዘገብበት በቀይ መዝገብ «ለመጥፋት እጅግ የተቃረበ» ተባለ?

ደረጃው በቁጥር ብቻ ስለማይወሰን ነው። መዝገቡን የሚያዘጋጀው ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አምስት መስፈርቶች አሉት፤ አንዱ ብቻ ከተሟላ ይበቃል። በቁጥር ብቻ ቢሆን አዋቂዎቹ ከ50 ማነስ ነበረባቸው። እዚህ ደረጃ ያደረሰው የቦታው መስፈርት ነው፦ ዝርያው የያዘው የመሬት ስፋት ከ10 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ሆኖ፣ መኖሪያው አንድ ስፍራ ብቻ ከሆነና እየተበላሸ ከሄደ ይመደባል። ስፋቱ የሚሰላው ካርታውን 2 በ2 ኪሎ ሜትር በሆኑ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ስለሆነ፣ በአንዱ አራት ማዕዘን ውስጥ የሚያልቅ ጥቂት ሄክታር ሸለቆም 4 ካሬ ኪሎ ሜትር ተብሎ ይጻፋል። ጀማሪዎች ትክክለኛውን ስፋት በሄክታር አስልተው ከገደቡ ጋር ያወዳድራሉ፤ ስሌቱ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሣር እንዴት ሸረሪት ያጠፋል?

መጠለያውን ይደፍንበታል። ሸረሪቱ እግሩ ሲዘረጋ 12 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ድር ዘርግቶ አያድንም፣ ቀን ከድንጋይ ሥርና ከመሬት ስንጥቅ ይውላል። ፋላሪስ አኳቲካ የተባለው ሣር ጥቅጥቅ ብሎ ሲያድግ ድንጋዩን ይሸፍነዋል። በደሴቲቱ የነበሩት ጥንቸሎች እ.ኤ.አ. በ1996 ከተወገዱ በኋላ ሣሩን የሚግጥ ጠፋ። ጥንቸሎቹን ማስወገዱ ለአገር በቀሉ ዕፅዋት ተገቢ ነበር፤ ግን ሣሩን የመቆጣጠሩም ሥራ አብሮ መታቀድ ነበረበት ባይ ነን። ሥሩን ከመሬት ውስጥ ሳያወጡ ቢያጭዱት መልሶ ያቆጠቁጣል፤ በዶማ ቢቆፍሩት ደግሞ ድንጋዩ ይፈናቀላል። ስለዚህ ሣር ብቻ የሚገድል ኬሚካል የተሻለ አማራጭ ነው።

በእንስሳት ማቆያ ማርባት ይቻላል?

ተችሏል። በእንግሊዝ የብሪስቶል ማቆያ እ.ኤ.አ. በ2016፣ 25 ሸረሪቶች ወስዶ በማግስቱ ዓመት ከ1 ሺ በላይ ጫጩቶች አስፈልፍሏል። ጫጩቶቹ እርስ በርስ ስለሚበላሉ ለየብቻ በየዕቃው ማሳደግ ግድ ነው፤ ሥራውን አድካሚ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

በደሴት ደን ውስጥ ብርቅ ሸረሪት ለመቁጠር የመሬት ወጥመድ ልጠቀም?

ፈሳሽ አይጨምሩበት፤ ሊያድኑት ያሰቡትን ይገድሉታል። ደረቅ ኩባያ ይቅበሩ፤ አፉ ከአፈሩ ጋር እኩል ይሁን፣ ትንሽ እንኳ ከፍ ካለ ሸረሪቱ ዞሮ ያልፈዋል። መደበቂያ እንዲሆን ጥቂት ቅጠል ይጣሉበት፣ በየማለዳው ይፈትሹት። ለተኩላ ሸረሪት ግን ማታ ባትሪ ግንባርዎ ላይ አስረው መዞር ይሻላል፤ ዓይኑ ብርሃኑን መልሶ ስለሚያበራ ከሩቅ ይታያል። ዝርያው በአብዛኛው የሚለየው በአዋቂዎቹ የመራቢያ አካል ነውና ግልገሎቹን በሌላ መዝገብ ይያዙ።