የመስከረሙ ፍቅር ኅዳር ላይ ለምን ያልቃል? ለ3ኛ ክፍል መምህርቷ የተሰጠ መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በድሬዳዋ ልማድ አንቺ ልበልሽ። የ3ኛ ክፍል ልጆችሽ 58 ናቸው። መስከረም ላይ የክፍሉን ህግ አብራችሁ ጻፋችሁ፣ ግድግዳ ላይ ለጠፋችሁ፣ ሁሉም ነገር ፍቅር በፍቅር ነበር። ኅዳር ሲገባ ግን ቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩት ለብቻ፣ ሶማልኛ የሚናገሩት ለብቻ፣ አማርኛ የሚናገሩት ለብቻ ሆኑ። በእረፍት ሰዓት ጠብ በዛ። አንድ ልጅ ደግሞ ኋላ ዴስክ ላይ ብቻውን ቀረ። «ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ነገር ምንድን ነው?» ብለሻል።

እኔም እዚሁ ድሬ ታችኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ልጆች «ተዋደዱ» ስለተባሉ አይዋደዱም። የሚቀራረቡት አንዱ ሌላውን ለሆነ ነገር ሲፈልገው ነው። የመስከረሙ ጨዋታና መዝሙር ጥሩ ነው፣ ግን ሲያልቅ ማንም ማንንም አይፈልግም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የሚፈላለጉበትን ነገር መፍጠር የኛ ስራ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር አስወግጂ። የረባሾችን ስም ዝርዝር። መምህር ሲወጣ የክፍል አለቃው ወረቀት ይዞ ይቆማል፣ ያወራውን ይጽፋል፣ ደጋግሞ ካወራ ስሙ ጎን ኤክስ ይጨምርበታል። ሁላችንም በዚህ አድገናል። ግን በእረፍት ሰዓት ምን እንደሚካሄድ አይተሻል? አንዱ ልጅ ስሙ እንዲሰረዝለት ግማሽ ሳምቡሳውን ለአለቃው ሲሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ሳምቡሳ የሌለው ደግሞ ይመታል፣ ወይ ይንበረከካል። ቅጣቱ ራሱ ህግ መጣስ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ከዚያም በላይ ግን ዝርዝሩ ስምንት ዓመት የሞላቸውን ልጆች እርስ በርስ ያሰልላል። አንዱ አንዱን በሚፈራበት ክፍል ስለ ፍቅር መስበክ ውሃ በወንፊት ነው።

አለቃውን አትሻሪው፣ ስራውን ቀይሪለት። «የረበሸውን» ሳይሆን «እርዳታ የፈለገውን» ይጻፍልሽ። እርሳስ የሌለው፣ ሆዱን ያመመው፣ ትምህርቱ ያልገባው። ስትመለሺ ወረቀቱን አይተሽ እነዚያን ልጆች ታገኛቸዋለሽ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጆቹ ለአለቃው ያላቸው ፊት ሲለወጥ ታያለሽ።

ከዚያ ለሁሉም ስራ ስጪ። ሰሌዳ የሚያጠፋ፣ ጠመኔ የሚያመጣ፣ መስኮት የሚከፍት፣ ጀሪካኑ ውሃ እንዳለው የሚያይ፣ ደብተር የሚሰበስብ፣ አዲስ ልጅ ሲመጣ ሽንት ቤቱንና ቧንቧውን የሚያሳይ። ለ58 ልጅ ስራ አይበቃም እንዳትይ፤ ለአንዱ ስራ ሁለት ልጅ መድቢ፣ በየሁለት ሳምንቱ አቀያይሪ። ሁለቱ በሰፈርም በቋንቋም የማይገናኙ ይሁኑ።

ከስራዎቹ ሁሉ እኔ አብዝቼ የምወደው ቀሪ ጠያቂ የምንለውን ነው። ስም ስጠራ አንድ ልጅ ከቀረ፣ ሰፈራቸው የሚቀራረብ ሁለት ልጆች ሲመለሱ ቤቱን አንኳኩተው ይጠይቃሉ። በማግስቱ ቆመው ለክፍሉ ይናገራሉ። አንዴ የገንደ ቆሬ ሰፈር ልጅ ለቀናት ጠፋችብን። ጠያቂዎቹ ሄደው ሲመጡ «እናቷ ወልዳለች፣ እሷ ሕፃኑን እየያዘች ነው፣ ሕፃኑ በጣም ትንሽ ነው፣ ጥፍሩም ትንሽ ነው» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሳልነግራቸው ሦስት ልጆች የሒሳቡን ትምህርት በሉክ ገልብጠው ላኩላት። ተመልሳ ስትመጣ ሁሉም የሕፃኑን ስም ያውቅ ነበር። ቀድሞ ከሷ ጋር የማይጫወቱት እንኳ «ስሙን ማን አወጣለት?» እያሉ ከበቧት። አገራችን ላይ መጠየቅ ትልቅ ነገር ነው፤ የታመመ ይጠየቃል፣ የወለደች ትጠየቃለች። ልጆቹ ይህን ከቤታቸው ያውቁታል። እኛ ክፍል ውስጥ ቦታ ሰጠነው እንጂ አላስተማርናቸውም።

ወደ ቋንቋው ልምጣ። ድሬ ላይ በአማርኛ ክፍል ከሚማሩት ልጆች የአንዳንዶቹ ቤት አማርኛ አይነገርም። አማርኛው ያልጠራለት ልጅ ይስቁብኛል ብሎ ዝም ይላል። ዝም ሲል የሚመስለውን ይፈልጋል፤ ጎራው የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነው። እኔ ጠዋት በር ላይ ቆሜ በስማቸው ሰላም እላቸዋለሁ፣ የሰላምታው ቋንቋ ግን በየሳምንቱ ይቀየራል። አንዱ ሳምንት «አካም ቡልቴ»፣ ቀጣዩ «ሱባሕ ወናግሰን»፣ ቀጥሎ «እንዴት አደርሽ»። ሐረሪ ልጅ ካለችሽ ሐረሪኛውን እሷ ታምጣው። የዚያ ሳምንት አስተማሪ ቋንቋው የቤቱ የሆነ ልጅ ነው። እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ ሰሌዳ ፊት ቆሞ የኔን አነጋገር ሲያርም ማየት ደስ ይላል። «ቲቸር፣ እንደሱ አይደለም!» ይለኛል፣ ክፍሉም ከሱ ጋር ይደግማል። ለዚህ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

የቡድን ስራ ላይ ደግሞ አንድ ለአምስት የሚባለውን፣ አንድ ጎበዝ ሌሎቹን የሚመራበትን፣ ታውቂዋለሽ። ጎበዟ ትሰራለች፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። ይህ መፈላለግ አይደለም፣ ጥገኝነት ነው። የሚሻል ዘዴ አለ። ኤልየት አሮንሰን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1971 እ.ኤ.አ. ኦስቲን ቴክሳስ ውስጥ ሞክሮታል። ጥቁር፣ ነጭና የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ልጆች በአዲስ መልክ አንድ ክፍል ሲገቡ ጠብ በጠብ ሆኖ ነበር። እሱ ምን አደረገ? ትምህርቱን ቆራርሶ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ሰጠ። ሙሉውን ለማወቅ ሌላውን መስማት ግድ ሆነ።

እኛ ጋ እንዲህ ይሰራል። ስለ ከተማችን ስታስተምሪ ትምህርቱን አራት ቦታ ክፈዪው። አንዱ ስለ ባቡሩ ይያዝ፤ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬ መድረሱን፣ ተራራው አስቸግሮ ሐረር አለመግባቱን፣ ከተማዋም በዚያ ምክንያት መቆርቆሯን። ሌላው ስለ ደቻቱ ወንዝ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ከርሞ ዳገት ላይ ዝናብ ሲጥል ድንገት ለምን እንደሚሞላ። ሦስተኛው ስለ ቀፊራ ገበያ፣ አራተኛው ስለ ከዚራ ሰፈር መንገዶችና ዛፎች። ባቡር የደረሳቸው ሁሉ አንድ ላይ ተቀምጠው ይለማመዱ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ወደ አራት ሰው ቡድኑ ተመልሶ ያስተምር። የልምምዱን ጊዜ እንዳትዘይው። ደከም ያለው ልጅ ሳያፍር የሚናገረው እዚያ ስለተዘጋጀ ነው። 58ቱ በአራት አራት ሲከፈሉ ሁለት ይተርፋሉ፤ በሁለት ቡድን አምስተኛ አድርጊያቸው፣ አንድ ቁራጭ ለሁለት ይያዙ።

አሁን ዓመቱን ልሂድበት፣ ክፍል በየወቅቱ ይፈርሳልና።

ጥር መጨረሻ ላይ ካርድ ይመጣል። ደረጃው ካርዱ ላይ ይቀመጥ እንጂ ክፍል ውስጥ ጮክ ብለሽ አታንብቢው። አንደኛ የወጣው ቀድሞ ያውቃል፤ 58ኛው ግን በሁሉም ፊት ሲሰማው ሁለተኛውን መንፈቅ ሙሉ ይዞት ይዞራል። ከእረፍት ሲመለሱም እንደ መስከረም ቁጠሪው። የመቀመጫ ቦታ፣ የስራ ድርሻ፣ ህጉ ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመር።

የካቲት ላይ ጾሙ አለ። በ2017ም በ2018ም ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ነው የገቡት። ምሳ ዕቃ ሲከፈት «አንተ ለምን ትበላለህ?»፣ «የናንተ ጾም ጾም ነው?» የሚል ነገር ይነሳል። ጾሙ ሳይገባ አስቀድመሽ አስወሪያቸው። ለሱሁር፣ ጎህ ሳይቀድ ለሚበላው ምግብ፣ የሚነሳው ምን እንደሚበሉ፣ እስከ 6 ሰዓት የሚጾመው ቤት ውስጥ ምን እንደሚሰራ ይንገር። ማንንም አታስገድጂ፣ የፈለገ ይናገር። የኔ ልጆች ራሳቸው «ምግብ የያዘ ዛፉ ሥር፣ የሚጾም በዚህ በኩል» ብለው ተስማሙ፤ ጠቡም በዚያው ቀረ። ለኢድና ለፋሲካ እንኳን አደረሳችሁ ካርድ በደብተር ወረቀት ይሰራሉ። የሙስሊሙን ክርስቲያኑ፣ የክርስቲያኑን ሙስሊሙ።

ግንቦትና ሰኔ የድሬ ሙቀት ነው። ቆርቆሮው ሲግል ልጅ ይነጫነጫል፣ ጸባዩ ተበላሸ ማለት አይደለም። ጠቡ በአብዛኛው የመስኮት ጥግ ለመያዝ ነው። መቀመጫውን በየሳምንቱ አዙሪ፣ ከባዱን ትምህርት ጠዋት ጨርሺ፣ መጨረሻ ክፍለ ጊዜ ላይ እንቆቅልሽ አጫውቻቸው። «እንቆቅልሽ!» ሲል አንዱ፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ምን አውቅልህ!» ይላል። ያልቻለው ሀገር ይሰጣል። ሳቢያንን፣ ለገሀሬን፣ መልካ ጀብዱን እየሰጡ ሲሳሳቁ ሙቀቱን ይረሱታል።

ብቻውን የተቀመጠውን ልጅ በተመለከተ፣ በሁሉም ፊት «ከሱ ጋር ተጫወቱ» እንዳትይ። መጀመሪያ ሰሌዳው ይታየው እንደሆነ፣ ጆሮው በደንብ ይሰማ እንደሆነ አረጋግጪ። ኋላ የሚቀመጡ ዝምተኞች አንዳንዴ እዚያ ላይ ነው ችግራቸው። ከዚያ ከአንድ ረጋ ካለ ልጅ ጋር ደብተር ከመምህራን ክፍል እንዲያመጡ ላኪያቸው። የክፍሉን ኮከብ አትምረጪለት፣ ሌላ ዝምተኛ ይሻላል። መንገድ ላይ ያወራሉ።

ከየት ልጀምር ካልሽ ሰኞ በቀሪ ጠያቂው ጀምሪ። ለወላጆች አስቀድመሽ ንገሪ፣ ጠያቂዎቹ ከቀረው ልጅ ቤት ጎረቤት ወይም እዚያው መንገድ ላይ ያሉ ይሁኑ። ፈረቃችሁ የከሰዓት ከሆነ ሲመሽ ሰው ቤት አይሂዱ፤ በማግስቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲመጡ ጎራ ይበሉ።