ባሕር ዳር ለሚመጣ እንግዳ፦ መኪናው የት ይቁም፣ ሰውስ በምን ይሂድ? (ጥያቄና መልስ)

ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለምረቃ ወይም ለሽርሽር ወደ ባሕር ዳር የሚመጡ ሰዎች ስለ መኪና ማቆሚያ፣ ስለ ባጃጅ፣ ስለ መነሃሪያና ስለ ጀልባ ከላኳቸው ጥያቄዎች የተመረጡት እነሆ። ታሪፍ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ የብር መጠን አልጠቅስም፤ ሒሳቡ የሚጣመምበትን ቦታ ግን አሳያለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቤተሰቤን ይዤ ከአዲስ አበባ በራሴ መኪና ልመጣ ነው። ሦስት ቀን እንቆያለን። ከተማ ውስጥ እየነዳሁ ልዙር ወይስ አንድ ቦታ ላቁመው?

አቁመው ወንድሜ። ከተማው ሜዳ ላይ የተዘረጋ ነው፤ የቤዛዊትን ኮረብታ ካልወጣህ በቀር አቀበት አያገኝህም። እንግዳ የሚፈልገው አብዛኛው ነገር ከጣና ሐይቅ ዳርና ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ አይርቅም፤ ራቅ ላለው ባጃጅ አለ። መኪናህን ከተማ ለቀህ ለምትወጣበት ቀን አቆየው።

ክፍል ስትይዝ «ፓርኪንግ አላችሁ?» ብለህ ብቻ አትለፍ፤ ሁሉም «አለን» ነው የሚለው። ማቆሚያው አጥር ግቢ ውስጥ ነው ወይስ በሩ ፊት አስፋልቱ ላይ? ስንት መኪና ይይዛል? እኔ ባለሁበት ቀን ሠርግ ወይም ስብሰባ አላችሁ? ሰው የሚረሳው ይህን የመጨረሻውን ነው። ሐይቅ ዳር ያሉት ሆቴሎች ቅዳሜና እሑድ የሠርግ ግቢ ይሆናሉ። በጥር፣ እንዲሁም ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ስድስት ሰዓት ላይ ባዶ የነበረ ግቢ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መርፌ መጣያ ቦታ አይገኝበትም። ጥግ ይዛ የቆመች መኪና ፊቷ ሦስት ረድፍ ይደረደርባትና ሙሽሮቹ እስኪሸኙ ድረስ አትንቀሳቀስም። ስለዚህ ዐርብ ማታውኑ በኋላ ማርሽ አስገብተህ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙረህ፣ መውጫው አጠገብ አቁማት። ስልክ ቁጥርህን በትልቁ ጽፈህ የፊት መስታወቱ ሥር አኑር። ቁልፍ ለጥበቃ አትተው፤ «ለማስጠጋት ብቻ» ተብሎ በተሰጠ ቁልፍ ስፖኪዮ ቢሰበር ተጠያቂ አታገኝም።

ስለ ጉዞው፦ በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያው ሳምንት ከተመላለሰ ሹፌር አጣራ፤ የወር ወሬ አይሠራም። ከመሸ አትንዳ፤ ቀኑ ካልበቃህ ደብረ ማርቆስ እደር።

ጥያቄ፦ መንገድ ዳር ሳቆም አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ ልጆች ይመጣሉ። መክፈል ግዴታ ነው?

የታተመ ደረሰኝ ወይም ኩፖን ከያዙ፣ አዎ። ገና ስታቆም የገባህበትን ሰዓትና ታርጋህን አስጽፍ። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው ስትወጣ ሰዓቱን በግምት ሲያሰሉት ነው። ደረሰኝ የሌለው ሰው ጋ ያለው ስምምነት የሁለታችሁ ነው፤ ከፈለግህ ትሰጠዋለህ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ክፍያው በዋናነት የቦታ ኪራይ ነው። ልጆቹ ሲመሽ ሰደርያቸውን አውልቀው ይሄዳሉ፤ ከዚያ በኋላ መኪናህን የሚያይልህ የለም። ማታ እራት ለመብላት ከተማ መሀል ከገባህ ስፖኪዮውን እጠፍ፤ ቦርሳ፣ ላፕቶፕ፣ ባዶ ፌስታል እንኳ ቢሆን ወንበር ላይ አትተው። ስኮርታዋ ከኋላ በር ላይ ወይም ከሥር የተንጠለጠለች መኪና ከሆነች መቆለፊያ ይኑራት።

የማይቆምባቸው ቦታዎች፦ መስቀለኛ ጥግ፣ ዜብራ፣ የባጃጅና የታክሲ መያዣ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ በር፣ የባንክና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፊት። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቦታዎች ትራፊክ ሳይደርስ ጥበቃው ራሱ ያስነሳሃል፤ ከእሱ ጋር አትከራከር፣ ትእዛዙ የእሱ አይደለም። ተመልሰህ ታርጋህ ተፈቶ ካገኘኸው፣ በአቅራቢያው ያለውን ትራፊክ የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሚገኝ ጠይቅ፣ የቅጣት ወረቀቱን ተቀበል፣ በደረሰኝ ክፈል። መንገድ ላይ «እኔ ላስፈታልህ» ለሚል ሰው ገንዘብ አትስጥ።

ጥያቄ፦ ነሐሴ ላይ ነው የምንመጣው። ዝናቡ ለማቆሚያ ያስቸግራል?

ሁለት ነገር ጠብቁ። አንደኛው አፈሩ ነው። ከአስፋልቱ ጠርዝ ውጪ ያለው ጥቁር አፈር በበጋ ሲሚንቶ ይመስላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ጎማ ይውጣል። ሁለት ጎማ አስፋልት ላይ፣ ሁለት ጎማ አፈር ላይ አድርጎ ያቆመ ሰው ሌሊት ከዘነበ ጠዋት መኪናውን ጎንበስ ብላ ያገኛታል። ያን ጊዜ ነዳጅ መርገጥ ጉድጓዱን ማጥለቅ ነው። የጎማውን ንፋስ በትንሹ ቀንሱ፣ ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ በእጅ ጥረጉ፣ ድንጋይ ወይም ጠፍጣፋ እንጨት አስገቡ፣ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ውጡ።

ሁለተኛው ቦዩ ነው። አንዳንድ ቦታ ክዳኑ የለም፤ ውሃው ሲሞላ መንገዱና ቦዩ አንድ ይሆናሉ። በማታ ዝናብ ወደ ዳር ከመጠጋታችሁ በፊት አንድ ሰው ወርዶ በእግሩ ይፈትሽ።

ስለ ጥላም ልጨምር። ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ማቆም ያምራል፤ ፍሬውና የወፎቹ ኩስ ግን በማግስቱ ቀለሙ ላይ ይደርቃል። በደረቁ አትፈትጉት፣ ቀለሙን ይጭራል፤ እርጥብ ጨርቅ አሥር ደቂቃ ደርባችሁ አንሱት። ንፋስ ባለበት ቀን ዘንባባ ሥርም አታቁሙ፤ የደረቀው ቅጠል ሲወድቅ ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ላይ እንግዳ መሆኔን አውቀው እጥፍ እንዳያስከፍሉኝ ምን ላድርግ?

እህቴ፣ አብዛኛው ጠብ ከተንኮል ሳይሆን ካለመግባባት ነው የሚመጣው። ባጃጅ በሁለት መንገድ ይሠራል፦ በሰው (ከሌሎች ጋር ተሳፍረሽ ለራስሽ ብቻ ስትከፍዪ) እና በኮንትራት (ሙሉውን ባጃጅ ለብቻሽ ስትይዢ)። ባዶ ባጃጅ አስቁመሽ ቦታ ብቻ ነግረሽ ከገባሽ እሱ ኮንትራት አድርጎ ያስበዋል፣ አንቺ በሰው ነው ብለሽ ትቀመጫለሽ፤ ስትወርጂ ነው የሚፈነዳው። ከመግባትሽ በፊት «በሰው ነው?» በይ፤ ሰው ካለበት ደግሞ መጠየቅም አያስፈልግሽም።

ወደምትሄጂበት አቅጣጫ ባለው በኩል ቁሚ። ቦታውን በመንገድ ስም ሳይሆን በታወቀ ምልክት ጥሪ፦ ፖሊ፣ ፔዳ፣ ዓባይ ማዶ፣ ድብ አንበሳ፣ ፓፒረስ፣ ፈለገ ሕይወት። ታሪፉን ከሹፌሩ ሳይሆን አስቀድመሽ ከሆቴሉ አስተናጋጅ ወይም ከሱቅ ሻጭ ጠይቂ። ዝርዝር ያዢ፤ ጠዋት ሁለት መቶ ብር ዘርግቶ መልስ መጠበቅ አንቺንም እሱንም ማቆም ነው።

ኮንትራት ስትይዢ ዋጋው ምን ምን እንደሚያካትት ጨርሺ፦ ስንት ሰው፣ ሻንጣ አለ ወይ፣ መሄድ ብቻ ወይስ መመለስም፣ ቆሞ ይጠብቃል ወይ። «እጠብቅሻለሁ» ማለት በነጻ ማለት አይደለም። ከኋላ ሦስት ሰው ነው። አራተኛ ሰው ከሹፌሩ ጎን ሲለጠፍ ክርኑ መሪውን ይይዛል፤ ባጃጅ ጥምዝ ላይ የሚገለበጠው በእንዲህ ዓይነቱ ጭነት ነው። አምስት ከሆናችሁ ሁለት ባጃጅ ያዙ። ከመሳፈርሽ በፊት የጎን ቁጥሩን በስልክሽ አንሺ፤ ዕቃ ቢረሳ የሚገኘው በዚያ ነው። ማታ የመንቀሳቀሻ ሰዓት ገደብ ባለበት ወቅት ባጃጆቹ ከገደቡ ቀድመው ወደ ቤት ስለሚገቡ፣ የዕለቱን ሰዓት ከሆቴሉ ጠይቀሽ ውጪ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ለጥምቀት ልመጣ አስቤአለሁ። ጉልበቴን ያመኛል፣ ብዙ መራመድ አልችልም። መኪናው እስከ የት ያደርሰኛል?

እማማ፣ በጥር 9 ገብተው ቢያድሩ ይሻላል። ከተራ፣ ጥር 10፣ ከቀትር ጀምሮ ታቦታቱ የሚያልፉባቸው መንገዶች ይዘጋሉ። ጥር 11 ታቦታቱ ሲመለሱ እንዲሁ ነው፤ ቅዱስ ሚካኤል ደግሞ ጥር 12 ስለሚገባ ሦስተኛ ቀንም ይጨመርበታል። በእነዚህ ቀናት ከግቢ የወጣ መኪና መመለሻ አያገኝም፤ ልጆችዎ «እኔ አደርስዎታለሁ» ቢሉም እሺ አይበሏቸው።

ማረፊያዎን ሐይቁ አጠገብ ይያዙ፤ ዋጋው ቢወደድም በዚህ በዓል የሚያዋጣው እሱ ነው። ራቅ ብለው ካረፉ በጠዋት፣ ከ12 ሰዓት በፊት፣ በባጃጅ ይውጡ፤ ከዝግ መንገዱ ሁለት ሦስት መታጠፊያ ቀደም ብሎ ነው የሚያወርድዎት። የምትታጠፍ ትንሽ በርጩማ ያስይዙ። ሲመለሱ ከሕዝቡ ጋር አይውጡ፤ ግፊያው እስኪቀል አንድ ሰዓት ጥላ ሥር ይቀመጡ። ስልክ በዚያ ሰዓት ኔትወርክ ስለሚጨናነቅበት፣ ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን በር ከቤት ሳትወጡ ተስማሙ።

ጥያቄ፦ የአዲስ አበባ አውቶቡስ 11 ሰዓት ሌሊት ላይ ተገኙ ይላል። በዚያ ሰዓት ምን ይገኛል?

መንገድ ወጥቶ መጠበቅ አይሆንም። ማታውኑ አንድ የባጃጅ ሹፌር አነጋግር፣ ስልኩንና የጎን ቁጥሩን ያዝ፣ 10 ሰዓት ላይ ደውለህ አንቃው። ሆቴሉ የሚያውቀው ሹፌር ካለ እሱ ይሻላል። ትኬት ስትቆርጥ መነሻው መነሃሪያው ይሁን የድርጅቱ ቢሮ በር አረጋግጥ፤ ሰው አውቶቡስ የሚያመልጠው ብዙውን ጊዜ አርፍዶ ሳይሆን የተሳሳተ በር ላይ ቆሞ ነው። ተሸካሚ ሻንጣህን ከመንካቱ በፊት ዋጋ ተስማማ።

ጥያቄ፦ ገዳማቱን ለማየት ጀልባ እንዴት ይያዛል? መኪናዬንስ ወደቡ ላይ ልተወው?

መኪናህ ሆቴል ይደር፤ በባጃጅ ሂድ። ጀልባ በኮንትራት ሲያዝ ዋጋው በጀልባ እንጂ በሰው አይደለም፤ ስለዚህ አራት አምስት ሆናችሁ መካፈል ይረክሳል። ነዳጁ፣ የሹፌሩ አበልና በየገዳሙ የሚቆምበት ጊዜ ውስጥ መግባቱን አስረግጥ። የየገዳሙ መግቢያ ግን ለየብቻ፣ በነፍስ ወከፍ ይከፈላል።

በጠዋት፣ አንድ ሰዓት ላይ ተነሱ። ከቀትር በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ ጣናም ይናወጣል፤ የመልሱ ጉዞ ልብስ ያረጥባል፣ ልጅም ያስፈራል። ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ሴቶች ክብራንም ዳጋም አይገቡም፤ እንጦስና የዘጌዎቹ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ይገባሉ። ይህን ሳይጠይቁ ሄደው ሚስት ጀልባ ላይ የምትቀርበት ጉዞ ብዙ ነው።

የደኅንነት ጃኬቱን ተቀብለህ አትቀመጥበት፤ ልበሰው፣ መቆለፊያው ጠቅ ማለቱን ስማ። የካቲት 16 ዑራ ስትነግሥ ጀልባዎቹ አጥብቀው ይጭናሉ፤ የጀልባው ጠርዝ ከውሃው አንድ ክንድ ከፍ ካላለ ቀጣዩን ጠብቅ።

ጥያቄ፦ ዓባይ ድልድይ ላይ ቆሜ ፎቶ ማንሳት እችላለሁ?

በመኪና አይቆምም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት አለው፤ የእግረኛና የብስክሌት መስመርም አለው። በእግር ሂድና ካሜራ ከማውጣትህ በፊት ጥበቃዎቹን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ኤሌክትሪክ ናት። ሆቴል ግቢ ቻርጅ ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ሒሳቡን እወቀው። ተራ ሶኬት በ220 ቮልትና በ10 አምፔር 2.2 ኪሎ ዋት ይሰጣል። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ብክነቱ ሲጨመር 18 ሰዓት ገደማ ነው። መብራት ከጠፋ ይረዝማል። ቻርጀሩ ቀይ አብርቶ አልጀምርም ካለ ብዙ ጊዜ ሶኬቱ ግራውንድ የለውም ማለት ነው፤ ሌላ ሶኬት ፈልግ እንጂ ቻርጀሩን ለማታለል አትሞክር። ቀጭን ኤክስቴንሽን ተጠቅልሎ ከተሰካ ይቀልጣል፤ ሙሉውን ዘርጋው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መሰኪያውን ዳስሰው፣ ከጋለ ንቀል። ክፍያውን በቆጣሪ ወይም በሌሊት ተስማማ።

ጥያቄ፦ ጢስ ዓባይ በሕዝብ ትራንስፖርት ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይሆናል?

ይሆናል። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመነሃሪያ መኪና ይነሳል፣ ሲሞላ ነው የሚንቀሳቀሰው። በጠዋት ውጣ። መንደሩ ላይ መግቢያ ትኬት ቆርጠህ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረህ በእግር ትወጣለህ፤ ቁልቁለቱ ላይ ድንጋዩ ስለሚያንሸራትት ጥርስ ያለው ጫማ አድርግ። ፏፏቴው በኃይሉ የሚታየው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው፤ በበጋ ውሃው ለመብራት ማመንጫ ስለሚሄድ ሊሳሳ ይችላል። እንደደረስህ፣ ገና ሳትወጣ፣ የመጨረሻው መኪና ወደ ባሕር ዳር ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ረዳቱን ጠይቅ፤ ከነገረህ አንድ ሰዓት ቀድመህ ተገኝ፤ ቀድሞ ከሞላ አይጠብቅህም።