ከመከራየታችሁ በፊት ግድግዳውን ዳስሱ

ባለፈው ሳምንት የእኅቴ ልጅ ከድሬዳዋ ደወለችልኝ። በነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ ከሚሠሩት ድርጅቶች በአንዱ ተቀጥራ ከአዲስ አበባ ከወረደች ገና አሥር ቀኗ ነው። ለጊዜው ያረፈችው በእንግዳ ማረፊያ ስለሆነ ቤት ትፈልጋለች። «ጋሼ፣ አንተ እዚህ አሥር ዓመት ኖረሃል፤ ሰፈሩ የትኛው ይሻላል?» አለችኝ። ቶሎ አልመለስሁላትም። «አስቤ እደውልልሻለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ይህንኑ ጥያቄ ከሃያ ዓመት በፊት፣ በዚያው ከተማ፣ አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ጠይቆኝ ነበር። ለእርሱ ግን ቶሎ ነበር የመለስሁለት።

ሥራ ፍለጋ ወደማታውቁት ከተማ የምትሄዱ ወጣቶች ብዙ ስለሆናችሁ፣ ለእርሷ የጻፍሁትን ለእናንተም ልጽፈው ወሰንሁ።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር ለመግባት ተራራውን መውጣት ወጪው ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ በቆመበት ቦታም ከተማ በቀለ። ከደቻቱ ወንዝ በስተምዕራብ ቀጥ ያሉ መንገዶችና የዛፍ ጥላ ያለው ከዚራ፣ በስተምሥራቅ ደግሞ የገበያው ሰፈር መጋላ ተቆረቆሩ። ባቡሩ ከወርክሾፑ፣ ከሠራተኞቹና ከፈረንሳይኛው ጋር ከተማይቱን አሳደጋት፤ የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካዎችም ተከተሉ። እኔ በ1992 ዓ.ም. ሚስቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ በዚያው አሮጌ ባቡር ስደርስ ግን ነገሩ ሁሉ ደክሞ ነበር። ሐዲዱ አርጅቶ ባቡሩ በየጊዜው ከመስመር ይወጣል፤ የጅቡቲን ጭነት የጭነት መኪናዎች ወስደውታል፤ እኔ በጥገና መሐንዲስነት የተቀጠርሁበት ፋብሪካም ከመኪኖቹ ግማሽ ያህሉን የሚያንቀሳቅሰው ከሌሎቹ ላይ መለዋወጫ እየፈታ ነበር።

በደከመች ከተማ የቤት ኪራይ ርካሽ ነው። የእኛ ቤት ከደቻቱ ዳር ሃምሳ እርምጃ እንኳ የማይርቅ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ካሉት ሦስት ቤቶች መካከለኛው ነበር። ባለቤቷን እማማ እንላቸው ነበር፤ ባላቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ሆነው ጡረታ ከወጡ በኋላ ያረፉባቸው ሴት ናቸው። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ሌላ የባቡር ጡረተኛ ይኖሩ ነበር። እኒህ ሰው የባቡሩን ፉጨት በሰሙ ቁጥር የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ባቡሩ በማይመጣባቸው ቀናትም በዚያው ሰዓት በር ላይ ወጥተው ይቆማሉ። ልጆቼ ከሰዓት ይልቅ እርሳቸውን አይተው ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። የሠራተኛ ሰፈር ምን እንደሆነ የተረዳሁት ከእኒህ ሰው ነው፤ ሰዎቹ ሥራው ከቆመ በኋላም በሥራው ሰዓት ይነሣሉ።

ያን ሰፈር እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ትንሿ ልጄ ወባ ይዟት ለሦስት ሌሊት ስትንቀጠቀጥ እማማ ከአጠገቧ አልተነሡም። ጎረቤቶቻችን ኦሮሞም ሶማሌም ሐረሪም አማራም ጉራጌም ነበሩ፤ በረመዳን ማታ ከአንዱ ቤት ሳምቡሳ ይመጣል፣ በፋሲካ ከእኛ ቤት ድፎ ዳቦ ይሄዳል። ወንዙ ከዓመት ዓመት ደረቅ ነው። አሸዋው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ግመሎች ያልፋሉ፣ ነጋዴዎች ሸቀጥ ይዘረጋሉ፤ እንግዳ ሰው ሰፊ መንገድ እንጂ ወንዝ አይመስለውም።

በ1996 ዓ.ም. ክረምት አንድ ቀን ጊንጥ ገባ ተብሎ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አንቀሳቀስሁት። ከጀርባው ኖራው ተልጦ ነበር፤ ከሥሩ ጉልበቴ ድረስ የሚደርስ ቡናማ መስመር በግድግዳው ርዝመት ሁሉ ተሥሏል። እማማን ብጠይቃቸው «የዱሮ ውኃ ነው ልጄ፣ ከዚያ በላይ አልፎ አያውቅም» አሉኝ። እርሳቸው ያዩትን ነው የተናገሩት። እኔ ግን መሐንዲስ ነኝ። በሚቀጥለው እሑድ ወንዙን ተከትዬ ወደ ላይም ወደ ታችም ሄድሁ። ወደ ደንገጎ በሚወጣው በኩል ያለው ተራራ ተራቁቷል፤ ዝናቡን የሚይዝለት ዛፍ የለውም። የወንዙ አልጋ በደለል እየሞላ ከፍ ብሏል። ከእኛ ቤት በታች ደግሞ ቤቶችና ሱቆች ወደ ወንዙ ገፍተው ውኃው የሚያልፍበትን አጥብበውታል። ብዙ ስሌት አያስፈልገውም ነበር፤ አልጋው ከፍ ብሎ መተላለፊያው ከጠበበ፣ የዱሮው ውኃ ተመልሶ ቢመጣ ከጉልበት በላይ እንደሚሆን አውቄዋለሁ።

ለሚስቴ ብቻ ነገርኋት። በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሳቢያን በሚባለው የከተማው ሰፈር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቤት አግኝተን ወጣን። ለእማማ የሰጠኋቸው ምክንያት የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚል ነበር። ቤትዎ አደገኛ ነው ማለት፣ ልጄን ያስታመሙልኝን ሴት ያላቸውን ብቸኛ ገቢ ዋጋ እንደ ማሳጣት ሆኖ ታየኝ። አልቅሰው መረቁን፤ ለትንሿም አዲስ የሰሌን ምንጣፍ ሰጧት።

ቤቱ ሁለት ወር ሙሉ ተከራይ አጣ። በዚያ ሰሞን ከእኔ ክፍል የሚሠራ አንድ ቴክኒሻን፣ ሰባተኛ ክፍል የምትማር ታናሽ እኅቱን ከገጠር አምጥቶ ሊያስተምር ቤት ይፈልግ ነበር። በፋብሪካው ግቢ አግኝቶኝ «ጋሼ፣ የለቀቁት ቤት ባዶ ነው አሉ። ሰፈሩ እንዴት ነው?» አለኝ። «ጎረቤቱ እንደ ቤተሰብ ነው፤ ኪራዩንም ይቀንሱልሃል» አልሁት። ሁለቱም እውነት ነበሩ። ስለ መስመሩ አልነገርሁትም። እማማ ተከራይ አገኙ ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ ሥራዬ መሄዴን አስታውሳለሁ።

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከደጋው የወረደው ውኃ ሰው በተኛበት ከተማውን መታው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። ሳቢያን ሆኜ የሰማሁት ድምፅ የጭነት ባቡር ይመስል ነበር። ሲነጋ በእግሬ ወረድሁ። በየመንገዱ በር፣ አልጋ፣ ፍሪጅ፣ የሞተ ፍየል በጭቃ ተቀብሯል፤ ሰዎች በእጃቸውና በሣህን ሳይቀር ይቆፍራሉ። ከግቢያችን የቀረው የእማማ ቤት አንድ ጎንና የበሩ መቃን ነበር። መስመሩ የነበረበት ግድግዳ የለም።

እማማን የጎረቤት ወጣቶች ቆርቆሮ ገንጥለው በጣራ በኩል አውጥተዋቸዋል። እኒያ ሰዓት የሚያዩት ጡረተኛ ሌሊት ድምፁን ሰምተው የየቤቱን በር በዱላ እየደበደቡ አስነሥተዋል፤ በግቢያችን ብቻ አምስት ሰው የተረፈው በእርሳቸው ነው። ቴክኒሻኑ የሌሊት ፈረቃ ገብቶ ነበር። እኅቱ ብቻዋን ተኝታ ነበር። በሁለተኛው ቀን ተገኘች።

በአርባዋ ቀን ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠና «እርስዎ እንኳን ልጆችዎን ይዘው በጊዜ ወጡ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ። ከልቡ ነበር። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አብረን ሠርተናል። አንድ ቀን እንኳ ለምን እንደ ወጣሁ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርሁትም። በ2002 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ዕቃዬን በመኪና የጫነልኝ እርሱ ነው።

ስለዚህ እናንተ ሰፈር ስትጠይቁ፣ የምትጠይቁት ሰው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነገር ሊኖር እንደሚችል አስቡ። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ባለቤቲቱን ይወዳቸዋል፣ ወይም ያፍራል፣ ወይም ባለቤቱ ዘመዱ ነው። «ሰፈሩ እንዴት ነው?» ብላችሁ ብቻ አትተዉት፤ «አንተ ለምን ወጣህ?» በሉት። ከዚያ ሰፈር የወጣ ሰው ከሚኖርበት ሰው የበለጠ ያውቃል። የዛሬ ወጣቶች ቤት የምትመርጡት በስልክ በተላከላችሁ ፎቶግራፍ ነው፤ የእኅቴ ልጅም መጀመሪያ የነገረችኝ ስለ ኔትወርኩ ነበር። ፎቶግራፍ የሚያሳየው አዲስ የተቀባውን ኖራ ነው። ቁም ሣጥኑን አንቀሳቅሱ፣ ግድግዳውን ከታች በእጃችሁ ዳስሱ፣ ኖራው የት ቦታ ላይ እንደሚፈረፈር እዩ። ይህን ስላችሁ ግን አንድ ነገር አልክድም፤ እናንተ እንደ እኛ ይሉኝታ አያስራችሁም፣ ፊት ለፊት ትጠይቃላችሁ። እኔ ያን ድፍረት ባገኝ ኖሮ አንዲት ልጅ ዛሬ ሠላሳ ዓመት አልፏት ነበር።

ወደ ድሬዳዋ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ በዚያ ኖሬ ያየሁትን ልጨምር። ቤቱን በግንቦት ወይም በሰኔ፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት እዩት። በዚያ ሰዓት ከተማው ሁሉ ጥላ ውስጥ ተኝቶ ወይም በርጫ ላይ ተቀምጦ ስለሚሆን፣ ጣራው ምን ያህል እንደሚያቃጥልና ነፋስ የሚገባው በየት በኩል እንደሆነ በዝምታው ውስጥ ይታወቃችኋል። በዚያው ቀን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተመለሱ፤ ድሬ በምሽት ሌላ ከተማ ናትና። የከርሰ ምድር ውኃው ጠንካራ ነው፣ ኖራ ይጥላል፤ የጎረቤትን ማንቆርቆሪያ ውስጡን ብታዩ ይገባችኋል። ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ የሚነግሯችሁ ውኃ የሚቀዱት ልጆች እንጂ ደላላው አይደለም። ባለ ሱቁ በዱቤ ይሰጥ እንደሆነም ጠይቁ። የሚሰጥ ከሆነ ሰዎቹ የሚተዋወቁና የሚቆዩ ናቸው፤ «ዱቤ ነገ» የሚል ወረቀት ከለጠፈ ደግሞ ተከራዩ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥበት ሰፈር ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ሰው በአንድ ፋብሪካ ደመወዝ የሚኖርበትን ሰፈር እፈራዋለሁ። የምድር ባቡር ሠራተኞች ሰፈር ውስጥ ሥራው ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ ዳቦ ቤቱ፣ ቀጥሎ ልብስ ሰፊው፣ በመጨረሻ ፋርማሲው ሲዘጋ አይቻለሁ። አዲሱ ባቡር ሲመጣ ጣቢያው ከከተማው ዳር ስለሆነ የአሮጌው ጣቢያ ሰፈር ከእርሱ አልተጠቀመም። ከተማ ሲያገግም ሁሉም ሰፈር እኩል አያገግምም፤ ስለዚህ መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ ጡረተኛውም፣ የባጃጅ ሹፌሩም ተቀላቅለው የሚኖሩበትን ፈልጉ። ቢያንስ የሰላምታ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ተማሩ፤ «አካም ጅርታ» እና «ኢስካ ወረን» የሚል እንግዳ በሁለተኛው ሳምንት ቡና ላይ ይጠራል።

እነሆ ከወንዝ ራቁ እያልኋችሁ ነው፤ ግን በሳቢያን በኖርሁባቸው አምስት ዓመታት ሌሊት በሬን በዱላ የሚደበድብልኝ ጎረቤት አልነበረኝም። ቤቱ ደኅና፣ ቦታው ከፍ ያለ፣ አጥሩ የግንብ ነበር። የማዶውን ሰውዬ ስም እንኳ ያወቅሁት በለቅሶ ነው። ከሁለቱ የትኛው ጥሩ ሰፈር እንደነበር ብትጠይቁኝ ልጆቼን ያተረፈው ሳቢያን ነው እላለሁ፤ እማማን ያተረፈው ግን የወንዙ ዳር ነው።

ይህን ሁሉ ለእኅቴ ልጅ ጽፌ ከላክሁላት በኋላ ትናንት ማታ መለሰችልኝ። እኔ መልስ እስክሰጣት ስላልጠበቀች የሦስት ወር ቀብድ ከፍላለች። ቤቱ ከደቻቱ ብዙም አይርቅም። ከጎርፉ በኋላ የመከላከያ ግንብ መሠራቱን ነገረችኝ፤ እኔም ግንቡን አውቀዋለሁ፤ ቁመቱ እንጂ ከጀርባው ያለው ደለል ስንት ዓመት ሳይጠረግ እንደቆየ ግን አላውቅም። የግድግዳውን ፎቶግራፍ ላከችልኝ። አዲስ ቀለም ተቀብቷል።

ቅዳሜ እሄዳለሁ። ግድግዳውን ራሴ ዳስሼ፣ ግንቡን ተከትዬ ወደ ላይም ወደ ታችም ሄጄ የማየውን ለእርሷም ለቤቱ ባለቤትም በአንድ ላይ እናገራለሁ። ያ ቴክኒሻን አሁንም በዚያው ከተማ እንደሚኖርና የራሱ ጋራዥ እንዳለው ሰምቻለሁ። ከቤቷ ስወጣ ወደ እርሱ የሚወስደኝን ባጃጅ እይዛለሁ።