«ሃሲ እኮ በ30 ዓመቱ ነው የተመረጠው» ተብሎ ትምህርት ይቆማል?

ከፐርዝ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ሌላው አንባቢም እንዲከታተለን ጥያቄህን ባጭሩ ላስቀምጠው። ዕድሜህ 22 ነው። የሳይንስ መምህርነት ሦስተኛ ዓመት ላይ ነህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለክለብህ ክሪኬት ትጫወታለህ፤ ጨዋታውን ከሚከፍቱት ሁለት መቺዎች አንዱ አንተ ነህ። ለክፍለ ግዛቱ ሁለተኛ ቡድን ሁለት ጊዜ ተፈትነህ አልተመረጥክም። አባትህ ታክሲ ሲነዱ ውለው ማታ ሲገቡ «ዱላ ይዘህ ስትዞር ዕድሜህ አለቀ» ይሉሃል። አሰልጣኝህ ደግሞ «የአውስትራሊያው መቺ ማይክ ሃሲ እኮ ለአገሩ ቴስት (ያን አምስት ቀን የሚፈጀውን የብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ) የተጫወተው በ30 ዓመቱ ነው» ብሎ አጽናናህ። አንተም «ትምህርቱን አቁሜ ሁለት ዓመት ክሪኬት ላይ ብቻ ላተኩር?» አልከኝ።

አታቁም። ለምን እንደምልህ ለማስረዳት ግን ወደ ሃሲ መመለስ አለብኝ፤ አሰልጣኝህ የነገረህ እውነት ቢሆንም ግማሹን ነው የነገረህ።

ሃሲ የከተማህ ልጅ ነው፤ በ1975 ፐርዝ ተወለደ። ሲፈጠር ቀኝ እጅ ነው። ልጅ እያለ ግራኙን የአውስትራሊያ መቺ አለን ቦርደርን እያየ እንደሱ ለመምታት ብሎ ወደ ግራ ዞረ፣ በዚያው ቀረ። ለክፍለ ግዛቱ ለዌስተርን አውስትራሊያ መጫወት የጀመረው በ1994 መጨረሻ ላይ ነው። ለብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያ ቴስቱን የተጫወተው ደግሞ በኅዳር 2005 ብሪዝበን ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ በአንደኛ ደረጃ ጨዋታዎች (ቀናት በሚፈጁት ትልልቅ ውድድሮች) 15,313 ራን ሰብስቧል፤ ራን ማለት መቺው የሚያገኘው ነጥብ ነው። ከሱ በፊት ይህን ያህል ራን ይዞ ለቴስት የበቃ አውስትራሊያዊ አልነበረም።

ታዲያ ምን አዘገየው? ወረፋው ነዋ! እሱ ጨዋታ ከፋች ነበር፤ የአውስትራሊያ መክፈቻ ቦታ ላይ ደግሞ ጀስቲን ላንገርና ማቲው ሄይደን ተቀምጠዋል። ሁለቱም በዓለም ስማቸው የገነነ ነው፣ ማን ይነቀንቃቸዋል? በመጨረሻም ቦታው የተገኘው ላንገር የጎን አጥንቱን ተጎድቶ ነው። ሃሲ በመጀመሪያው ጨዋታ በሁለቱ የመምቻ ተራዎቹ 1 እና 29 ራን ነው ያስመዘገበው፤ እንደዚህ ጀምሮ የተረሳ ስንት ሰው አለ። በቀጣዩ ሆባርት ላይ 137 መታ፣ አደሌድ ላይ 133 መትቶ ማንም ሳያስወጣው ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ከቡድኑ ማን ያስወጣዋል?

እስካሁን ያለው አሰልጣኝህ የነገረህ ነው። የቀረውን እኔ ልጨምርልህ።

ሃሲ በነዚያ ዓመታት እጁን አጣምሮ አልተቀመጠም። ከክፍለ ግዛቱ ቡድን ደሞዝ ይበላ ነበር። አውስትራሊያ ክረምት ሲሆን እንግሊዝ በጋ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ጨዋታ ሲዘጋ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ለእንግሊዝ አውራጃ ቡድኖች፣ ከ2001 እስከ 2003 ለኖርዝሃምፕተንሻየር፣ ቀጥሎ ለግሎስተርሻየር፣ በ2005 ለደርሃም ተጫውቷል። ለኖርዝሃምፕተንሻየር ብቻ በአንድ የመምቻ ተራ ከ300 ራን በላይ ሦስት ጊዜ መትቷል። ይህ ሰው ጠበቀ አይባልም፤ ሲሠራ ኖረ ነው የሚባለው። የቤት ኪራዩን የሚከፍለውም ችሎታውን የሚያሳድገውም ያው ክሪኬቱ ነበር። አንተ ግን ትምህርቱን ብታቆም ኪራይህን ማን ይከፍላል? አባትህ። እና ሳምንቱን ሙሉ ምን ትሠራለህ? ክለብህ የሚጫወተው ቅዳሜ ነው፣ ልምምዱም ሁለት ምሽት ነው ብለህ ራስህ ጽፈሃል። የተረፈውን ጊዜ ስልክ ላይ እንደምታሳልፈው ሳትነግረኝም አውቃለሁ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚል አይጠፋም። እንቁላሉ ግን ዶሮዋ ካልታቀፈችው ይገማል እንጂ አይሄድም።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ፤ ላንተ ከሁሉም የሚጠቅመው ይሄ ይመስለኛል። ሃሲ ዕድሜውን ሙሉ ከፋች ሆኖ ሳለ አውስትራሊያ በ2004 መጀመሪያ ለአንድ ቀን ጨዋታ ስትጠራው የፈለገችው ለመክፈቻ አልነበረም። የተሰጠው ወደ ታች ያለው ቦታ ነው፤ ለቡድኑ የተመደበው ኳስ እያለቀ፣ ራን እየተፈለገ የሚገባበት። «እኔ ከፋች ነኝ» ብሎ አልተግደረደረም። ሥራውን ተማረው፣ በዓለም ካሉት ጨራሾች ተርታም ተሰለፈ።

ይህን ለማየት የግንቦት 2010ን የአጭሩን ጨዋታ (ትዌንቲ20 የሚባለውን) የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ፈልገህ ተመልከት። ሴንት ሉሺያ ላይ ነው፣ ተጋጣሚዋ ፓኪስታን። አውስትራሊያ በመጨረሻዎቹ ስድስት ኳሶች 18 ራን ያስፈልጋታል፤ ኳሱን የያዘው ሰኢድ አጅማል ነው፣ ያኔ እሱን መምታት ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው ኳስ ሚቸል ጆንሰን አንድ ሮጦ ተራውን ለሃሲ ለቀቀለት። ቀጥሎ ስድስት (ኳሱ መሬት ሳይነካ ከሜዳው ሲወጣ የሚሰጠው ራን)። እንደገና ስድስት። አራት (መሬት ነክቶ ከሜዳው ሲወጣ)፣ እኩል ሆኑ። ስድስት። አንድ ኳስ ተርፎ አለቀ። ሃሲ በ24 ኳስ 60። (ፍጻሜውን በእንግሊዝ ተሸነፉ፤ እሱን ማየት ግዴታህ አይደለም።)

እንግዲህ ወዳንተ ልምጣ። ሁለት ጊዜ «አልተመረጥክም» ስትባል «ለምን?» ብለህ ጠይቀሃል? ደብዳቤህ ውስጥ አላየሁም። ለመራጩ አሰልጣኝ አጭር ኢሜይል ጻፍለት። ምን እንደጎደለህ፣ ከፊትህ ስንት ከፋች እንዳለ፣ በሌላ ቦታ ብትሞክር ያዩህ እንደሆነ ጠይቅ። ከፊትህ ያሉት ሁለት የ20 ዓመት ልጆች ከሆኑ ወረፋው ረጅም ነው፣ እወቀው። የስፒን ኳስ (እየተሽከረከረ የሚመጣው) ላይ ደካማ ነህ ካሉህ ደግሞ ዛሬውኑ ልምምድ የሚጀመርበት ነገር አገኘህ ማለት ነው። መልስ ካልሰጡህም እሱም ራሱ መልስ ነው።

ክሪኬቱን በደንብ ልሞክረው ካልክ የሚያዋጣህ ትምህርት ማቆም ሳይሆን አንድ ሴሚስተር ማስተላለፍ ነው። የእንግሊዝ የክለብ ውድድር ከሚያዝያ አካባቢ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ ያንተን የመጀመሪያ ሴሚስተር አብዛኛውንና የሁለተኛውን መጀመሪያ ይነካል፤ ስለዚህ አንድ ሴሚስተር ብቻ ካስተላለፍክ ሁለተኛው ሲጀመር መመለስ ይኖርብሃል። ብዙ የአውስትራሊያ ልጆች በዚህ ጊዜ ወደዚያ ክለቦች ይሄዳሉ፤ አንዳንዱ ክለብ መኝታ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ልጆች እያሠለጠንክ የኪስ ገንዘብ እንድታገኝ ያደርጋል። የቪዛ ደንቡን ግን ትኬት ከመቁረጥህ በፊት አጣራ። አንተ ራስህ አውስትራሊያ ያለኸው በተማሪ ቪዛ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ትምህርት ማቋረጥም መቀነስም ቪዛውን ሊነካው ስለሚችል የዩኒቨርሲቲህን የተማሪዎች ቢሮ ሳታነጋግር አንድም ፎርም እንዳትሞላ።

መምህርነቱን እንደ ቅጣት አድርገህ መጻፍህ ትንሽ ከንክኖኛል። ሃሲ በጥር 2013 ሲድኒ ላይ የመጨረሻ ቴስቱን ሲጫወት 37 ዓመቱ ነበር። 79 ቴስት፣ 6,235 ራን፣ 19 መቶዎች (በአንድ ተራ 100 ራን ወይም ከዚያ በላይ)። ገና እየመታ ሳለ ነው የተወው፤ ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ተለይቶ ወራት መዞሩ በቃኝ ብሎ። ከዚያ ምን ሠራ? የአጭሩን ጨዋታ ሊግ እየተጫወተ ቆየ፣ በቴሌቪዥን ተንታኝ ሆነ፣ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ የሕንዱ ቡድን የቼናይ ሱፐር ኪንግስ የመቺዎች አሰልጣኝ ነው። በ2022 እንግሊዝ ሜልቦርን ላይ የአጭሩን ጨዋታ የዓለም ዋንጫ ስታነሳ ከአሰልጣኞቿ አንዱ እሱ ነበር፤ አውስትራሊያዊ፣ በገዛ አገሩ ሜዳ ላይ፣ ለእንግሊዝ! ያም ሆነ ይህ ሥራው ማስተማር ሆኗል። አንተም በመምህርነት ዲግሪ ላይ የክሪኬት አሰልጣኝነት ፈቃድ ብትጨምርበት፣ ስፖርት የሚወዱ የአውስትራሊያ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ሰው ሲያመለክት ደስ ይላቸዋል። አንድ ቀን ክፍለ ግዛቱ ቢጠራህም ዲግሪው አያግድህም።

ስለ አባትህ፣ አትከራከራቸው። እሳቸው የፈሩት ዱላውን ሳይሆን ባዶ እጅህን መቅረትህን ነው፣ እውነታቸውንም ነው። የምትመረቅበትን ወር ቁርጥ አድርገህ ንገራቸው። «እስከዚያ ልጫወት፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት የጨዋታ ወቅቶች የክፍለ ግዛት ኮንትራት ካላገኘሁ ክሪኬቱ የቅዳሜ ብቻ ይሆናል» በላቸው፣ ቃልህንም ጠብቅ። ደግሞ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ሲያርፉ ሜዳ ውሰዳቸው። ጨዋታው ቀኑን ሙሉ እንደሚፈጅ ግን አስቀድመህ ንገራቸው፤ ምሳና ቡና በቴርሞስ ካልያዛችሁ ከሰዓት በኋላ «እስካሁን ማን አሸነፈ?» እያሉ ያደክሙሃል። ለመራጩ የሚሄደውን ኢሜይል ግን ከዚያ በፊት ላከው፤ ረቂቁን እኔ ጋ ብትልከው አየዋለሁ።