ፖሊስ፣ ከሰል፣ አስከሬን፣ ውሻ፦ ሁሉም አንድ ቤት

ሰሞኑን ከቶሮንቶና ከአካባቢው የደረሱኝ ጥያቄዎች ሳይመካከሩ አንድ በር ላይ ተሰልፈዋል። በሩ የኦንታሪዮ ሶሊሲተር ጄኔራል ሚኒስቴር ነው፤ የክፍለ ግዛቱ የሕዝብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በሉት። "ደኅንነት" ሲባል የደነገጠ ካለ ይረጋጋ፤ ያኛው ዓይነት አይደለም።

ጥ፦ አንድ የከተማ ፖሊስ መኪናዬን አስቁሞ አመናጨቀኝ። ለሚኒስትሩ ልጻፍ?

መ፦ መጻፍ ትችላለህ፤ ግን ሚኒስትሩ ፖሊሱን ጠርተው አይቆጡልህም። ሚኒስቴሩ ለፖሊስ ደንብና መመዘኛ ያወጣል፣ ይቆጣጠራል። በሥሩ ያለው ኦፒፒ (የክፍለ ግዛቱ ፖሊስ) ነው፤ አውራ ጎዳና ላይና የራሳቸው ፖሊስ በሌላቸው ከተሞች የምታየው። አቤቱታህን የምታስገባው ራሱን ለቻለው የሕግ አስከባሪዎች አቤቱታ ኤጀንሲ ነው፤ በ2024 በአዲሱ የፖሊስ ሕግ የመጣ ነው። ዓመት ሳይሞላው አስገባ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የባጅ ቁጥሩን ዛሬውኑ ጻፍ፤ ወር ሳይሞላ ትረሳዋለህ።

ጥ፦ ቡና ስቆላ የጭስ አላርሙ ይጮኻል። ባሌ በፌስታል ሸፈነው። ችግር አለው?

መ፦ አለው፤ ፌስታሉን አሁን አንሺው። የኦንታሪዮ የእሳት ደንብ አላርም በየፎቁና ከመኝታ ክፍሎች ውጭ እንዲኖር ያዛል። መግጠምና መጠገን የአከራይ ነው፤ ከሥራ ውጭ ማድረግ ግን ለተከራይም ክልክል ነው፣ ያስቀጣል። የፋየር ማርሻል ቢሮም እዚሁ ሚኒስቴር ውስጥ ነው። ቡናውን ማን ይከለክልሻል? ማራገቢያውን አብሪና መስኮት ክፈቺ።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ከሰሉ ነው። ብርድ ነው ተብሎ መስኮቱ ተዘግቶ፣ የፕላስቲክ ሣር ተጎዝጉዞ፣ ከሰሉ ፍም ሆኖ ሳሎን መሃል ይቀመጣል፤ በረካው ሳይደርስ አንዷ "ራሴን አመመኝ" ትላለች፣ ሁላችንም "ቡናው ዘግይቶባት ነው" እንላለን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የጭስ አላርምም አይለየውም፤ የራሱ አላርም አለው። እሱ ከጮኸ ሁሉንም ይዘሽ ውጪና 911 ደውዪ። ቡናውም ዕጣኑም በኤሌክትሪክ ይሁን፤ ለዛው ቢቀንስም።

ጥ፦ የጥበቃ ሥራ አገኘሁ። አሠሪው "ላይሰንሱ በኋላ ይደርሳል፣ ጀምር" አለኝ።

መ፦ እንዳትጀምር። ላይሰንሱን የሚሰጠው ይኸው ሚኒስቴር ነው፦ የ40 ሰዓት ሥልጠና፣ ከዚያ ፈተና፣ ከዚያ ማመልከቻ። ያለ ላይሰንስ በር ላይ ብትቆም የምትጠየቀው አንተም ነህ።

ጥ፦ ወንድሜ ታስሯል። የክፍለ ግዛቱ እስር ቤት ነው ወይስ የፌዴራሉ?

መ፦ ፍርድ እየጠበቀ ከሆነ የክፍለ ግዛቱ ነው። ከ2 ዓመት በታች ከተፈረደበትም እዚያው ነው። 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ፌዴራሉ ይወስደዋል። የወረቀት ጉዳይ ካለበት ኢሚግሬሽንም የሚያውቅ ጠበቃ ፈልጉ።

ጥ፦ አጎታችን ቤቱ ውስጥ በድንገት አረፈ። አገር ቤት ልንልከው ስንል ኮሮነር መጣ።

መ፦ ነፍስ ይማር። ኮሮነር የመጣው ቤተሰቡን ጠርጥሮ አይደለም፤ ድንገተኛ ሞትን መመርመር ሥራው ነው። ኦንታሪዮ ውስጥ ኮሮነሮች ሐኪሞች ናቸው። የአስከሬን ምርመራ በሃይማኖታችሁ የሚከብዳችሁ ከሆነ ቶሎ ንገሩት፤ ውሳኔው ግን የእሱ ነው። እድርተኞችም ስሙ፦ ሆስፒታል ታሞ ያረፈ ሰው እንኳ ከኦንታሪዮ ውጭ ሲላክ የኮሮነር ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል። ቀብር አስፈጻሚው ይጨርስላችኋል። እስከዚያ አዲስ አበባ ላሉት "ሐሙስ ይገባል" ብላችሁ ድንኳን አታስጥሉ።

ጥ፦ ጎረቤቴ ውሻውን በዚህ ብርድ በረንዳ ላይ አስሮ ያሳድራል።

መ፦ ከ2020 ጀምሮ የእንስሳት ጥበቃም የዚሁ ቤት ሥራ ነው። 1-833-926-4625 ደውዪ። ለእናትሽ ብቻ "በውሻ ሰው ከሰስኩ" ብለሽ እንዳትነግሪያት።