የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ስንት ያገኛል? ስለ ወንዝና ባሕር ጤና ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ የድሬ ሙቀት ከቤት አያስወጣም። ጡረታ የወጣሁት ውሃ ስመረምር ኖሬ ነው። የወንዝና የባሕር ሰላጤ ጤና እንዴት እንደሚለካ፣ ለሕዝብስ እንዴት እንደሚነገር ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን፦ የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹህ አይደለም። ዛሬ ይህን ደጋግሜ ነው የምለው።

የቀፊራ ልጅ፦ ጋሼ፣ የድሬ ውሃ ጥሩ ነው?

ለምን? ለመጠጥ? ለልብስ? ከየትኛው ጉድጓድ፣ መቼ የተቀዳ? እንዲህ ተጠይቆ መልስ የለም።

የለገሀሬዋ እናት፦ የማንቆርቆሪያዬ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሠርቷል። ልጆቼን ይጎዳብኝ ይሆን?

ካልሲየም ነው እህቴ፤ ከኖራ ድንጋዩ የመጣ። አይጎዳም። ኮምጣጤ አፍዪበት፣ ይለቃል።

ተማሪው፦ አሜሪካ ውስጥ ቼሳፒክ ለሚባል የባሕር ሰላጤ በየዓመቱ እንደ ተማሪ ካርድ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይሰጡታል አሉ። የምር ነው ወይስ ለወሬ?

እንዲህ ጠይቁኝ እንጂ! ወደ ቼሳፒክ ከእርሻና ከከተማ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይታጠባል። አልጌው (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው) ይህን ተመግቦ ይበዛል፣ ይሞታል፣ ይሰምጣል። ሲበሰብስ ባክቴሪያው ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። በሙቀቱ ወራት ጥልቁ ላይ በሊትር ከ2 ሚሊግራም በታች ይወርዳል። መሸሽ የሚችል ይሸሻል፤ የማይችል እዚያው ያልቃል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች ኦክስጅኑን፣ የውሃውን መጥራት፣ አልጌውን፣ የባሕሩን ሣር ለየብቻ ይለካሉ። ወደ መቶኛ ይቀይሩትና ፊደል ይሰጡታል። ውጤቱ ለዓመታት በሲና በዲ መካከል ሲዋዥቅ የኖረ ነው።

ፊደል ማንም ይገባዋል። ግን አማካይ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ልጅህ በስፖርት 95፣ በሒሳብ 20 አምጥቶ አማካዩን ብቻ ቢነግርህ ዝም ትላለህ? ካርድ ስታይ መጀመሪያ ዝቅተኛዋን ቁጥር ፈልጋት።

ከፊደሉ ይልቅ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በርኒ ፎውለር የሚባሉ የሜሪላንድ ግዛት ሴናተር ነበሩ። በጉብዝናቸው ወደ ቼሳፒክ በሚገባው ፓተክሰንት ወንዝ ውስጥ ደረታቸው ድረስ ገብተው እግራቸውን ያዩ ነበር። ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ነጭ ሸራ ጫማ አድርገው፣ ከሰው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ይገቡ ጀመር። ጫማው ከዓይናቸው ሲጠፋ ይወጡ ነበር፤ ልብሳቸው እስከየት እንደረጠበ ይለካ ነበር። በቃ። ይህን ያየ ሕፃን የወንዙን ጤና አይረሳም። (ጫማህ ታየ ማለት ግን ጠጣው ማለት አይደለም። ብያችኋለሁ።)

ጀጎል በር፦ ታዲያ ለደቻቱ ስንት ይሰጡታል?

ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ለሆነ ወንዝ የኦክስጅን ነጥብ ከየት ይመጣል? የእኛ ውሃ ከሥር ነው። ድሬ የምትጠጣው ከጉድጓድ ነው። አሸዋው ላይ የምንደፋው፣ ከየሽንት ቤቱ የሚሰርገውም የሚወርደው ወደዚያው ነው። ስለዚህ ካርድ ሥራ ብባል በናይትሬት፣ ከሽንት ቤቱ በሚሰርገው የናይትሮጅን ውህድ፣ እጀምራለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ በተለይ በጡጦ ለሚያድግ ሕፃን ክፉ ነው፤ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። አይታይም፣ አይሸትም። ማፍላት አያጠፋውም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይከማቻል።

ሁለተኛው ነጥብ ተራራው ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የወሰደውን ጎርፍ ለድሬ ልጅ አልተርክም። ከላይ አፈሩ ሲራቆት ዝናቡ ሳይሰርግ ይንደረደራል። ስለ ደቻቱ ጤና እያወራን ስለ ዛፉ ካላወራን ግማሹን ትተናል።

የቀፊራ ልጅ፦ ካፈላሁት ግን ችግር የለውም አይደል?

አቦ! ሁለት መስመር ከፍ ብለህ አንብብ።

ሐረሬው፦ ሐሮማያ ሐይቅን ያደረቀው ጫት ነው። እሱን ተናገሩ።

የአወዳይ ልጅ፦ ሁሌ ጫት! ጫት ብቻውን ጠጣው? ሐረርስ በቧንቧ ስትስብ አልነበረም?

ሐረሬው፦ እኛ ለመጠጥ ነው የሳብነው።

ባቡር ጣቢያ፦ አሁን ደግሞ ከድሬ በኩል እየጠጣችሁ ነው፤ ምስጋና የለም።

ሐረሬው፦ ምስጋናውን በቢል እንከፍላለን ወንድም።

በቃ! የመስኖው ፓምፕም፣ የከተማው ቧንቧም፣ ከኮረብታው የወረደው ደለልም ሁሉም አለበት። ደረቀ፤ ቆይቶ ደግሞ ውሃ ያዘ። ሂሳቡን ሻይ ቤት ተወራረዱ።

ባቡር ጣቢያ፦ ደቻቱ ጅቡቲ ባሕር ይገባል?

አይገባም። ቆላው ላይ አሸዋ ውስጥ ይቀራል። አዋሽ ራሱ አቤ ሐይቅ ላይ ነው የሚያበቃው።

ተማሪው፦ ለመመረቂያዬ ኤረር ወንዝ ላይ ልሠራ ነው። መሣሪያ የለኝም።

ድንጋይ ገልብጥ። የምሬን ነው። ፈሰስ ከሚልበት ቦታ ድንጋዩን አንሳ፤ ሥሩን ነጭ ሳህን ላይ እጠብ። ሦስት ጭራ ያላት፣ ጎንና ጎኗ የሚርገበገብ እጭ ካየህ ደስ ይበልህ፤ ቆሻሻ አትችልም። ከአሸዋና ከቅጠል ቤት ሠርቶ የሚሸከምም አለ፤ እሱም ደግ ምልክት ነው። ቀያይ ትል ብቻ ከሆነ ግን ተጠንቀቅ። ቅላቱ ሄሞግሎቢን ነው፤ ኦክስጅን በጠፋበት መኖር ያስችለዋል። መሣሪያ የሚነግርህ የዛሬን ነው። እጭ ግን ወራት ኖራበታለች፤ ትናንት ሌሊት የተደፋውንም ቀምሳለች።

ኦክስጅን መለኪያ ከተዋስክ ሁለት ነገር አትርሳ። አንደኛ ከፍታ። ባሕር ዳርቻ 25 ዲግሪ ላይ ውሃ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል። ድሬ ላይ 7 ገደማ ነው፤ ሐረር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የባሕሩን ቁጥር ይዘህ ወንዛችን ታመመ እንዳትል። ሁለተኛ ሰዓት። አልጌ ቀን ኦክስጅን ይሠራል፣ ሌሊት ይበላል። ቀትር ላይ ለክቶ ጤነኛ ነው ያለ ሰው አታሎሃል። ሊነጋጋ ሲል ለካ።

ተማሪው፦ ለባክቴሪያስ በሃይላንድ ልቅዳ?

አንዱ የጁስ ጠርሙስ ውስጥ ቀድቶ፣ ሦስት ቀን መኪና ውስጥ አቆይቶ አምጥቶልኝ ያውቃል። ክዳኑ ሲከፈት ጠላ ጠላ ይሸት ነበር። ከላቦራቶሪ የተቀቀለ ጠርሙስ ውሰድ፤ በወንዙ ውሃ እንዳታለቀልቀው። በረዶ ውስጥ አድርግና በዚያው ቀን አድርስ።

የቀፊራ ልጅ፦ ጋሼ፣ የእኛ ሰፈር ውሃ ኩልል ያለ ነው። ንጹህ ነው ማለት ነው አይደል?

ሻይ ልጠጣ ሄድኩ።